የሚኖርበትና የላከው

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ክላርክስተን ውስጥ ድምፅ ልንሰጥ ስንሄድ የጎረቤቴ ልጅ መኪናዬ ውስጥ የምርጫ ወረቀቱን ናሙና ዘርግታ ታነብ ነበር። ቀና አለችና «ጋሼ፣ እኛ የምንኖረው 3ኛ ወረዳ አይደለም እንዴ? ታዲያ የ2ኛው ወረዳ ሰው እኛ ጋ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ለመብራት ኃይል ቆጣሪ አነብ ነበር። በየግቢው የሚጠየቀው የቆጣሪው ቁጥር ነበር እንጂ ታሪፉን ማን እንዳወጣው የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ጆርጂያ ውስጥ ግን ትልቁ የግል መብራት ኩባንያ ደንበኛውን ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስኑት አምስት ሰዎች ስማቸው በምርጫ ወረቀት ላይ ይወጣል። የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ይባላሉ። የልጅቷን ጥያቄ ለመመለስ 146 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በመብራት ሳይሆን በባቡር ነው። ያኔ ጥጡን ወደ ወደብ የሚያደርሰው ባቡር ነበር፤ ገበሬውም ኩባንያዎቹ የጠሩትን ዋጋ ከመክፈል ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በ1877 አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ፖለቲከኛው ሮበርት ቱምስ አጥብቆ ተከራከረና የባቡር ታሪፍን የመቆጣጠር ሥልጣን ለግዛቱ ምክር ቤት ተሰጠ። በ1879 የባቡር ኮሚሽን ተቋቋመ። አገረ ገዢው የሚሾማቸው አባላት ሦስት ሲሆኑ፣ ሕጉ አንዱ ሕግ የሚያውቅ፣ አንዱ ደግሞ የባቡር ሥራ የሚያውቅ እንዲሆን አዘዘ። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። የመጀመሪያው መስፈርት ሙያ ነበር፤ አንድ ሰው የየት አካባቢ ነዋሪ መሆኑን የጠየቀ አልነበረም።

በ1906 ሹመቱ ቀርቶ ኮሚሽነሮቹ በሕዝብ እንዲመረጡ ተደረገ። በ1907 ቁጥራቸው አምስት ደረሰ፤ የጋዝ፣ የመብራትና የከተማ ባቡር ኩባንያዎችም በእጃቸው ገቡ። በ1922 የዛሬውን ስም ያዙ። እዚህ ላይ በችኮላ ማለፍ የሌለብኝ ነገር አለ። በ1906 ለአገረ ገዢነት ተወዳድሮ ያሸነፈው ሆክ ስሚዝ ለሕዝቡ ሁለት ነገር ቃል ገብቶ ነበር፤ ለባቡር ኩባንያዎች ልጓም ሊያስገባ፣ ጥቁሮችንም ከምርጫ ሊያስወጣ። ሁለተኛው ቃል በ1908 ሕገ መንግሥቱን በማሻሻል ተፈጸመ። የኮሚሽነሮች ምርጫ በር ለሕዝብ በተከፈተበት ሰሞን በሩ ለሕዝቡ እኩሌታ ሊባል ለሚችል ወገን ተዘጋ። ይህን ሳያውቁ የኋላውን ክርክር መረዳት አይቻልም።

የነዋሪነት መስፈርት የመጣው በ1998 ነው። ግዛቱ በአምስት ወረዳ ተከፈለና እያንዳንዱ ወንበር በአንድ ወረዳ ተሰየመ። ተወዳዳሪው ከምርጫው በፊት ቢያንስ 12 ወር በወረዳው የኖረ መሆን አለበት። ድምፅ የሚሰጠው ግን የወረዳው ሰው ብቻ አይደለም፤ በ159ኙም ካውንቲ ያለ መራጭ ለሁሉም ወንበር ይመርጣል። ልጅቷን ግራ ያጋባት ይህ ነው፤ እኔንም ብዙ ዓመት ግራ አጋብቶኛል።

ጉለሌ ያደግሁበት እድር የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ነበረው። ከየሰፈሩ አንድ ሰው ኮሚቴ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የታች ሰፈሩን የሚመርጡት የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። አንድ ዓመት ለጊዜ ቁጠባ ተብሎ ሁሉም በአንድ ላይ በእጅ ብልጫ መረጠ። የተመረጠው ሰውዬ ቤቱ በእርግጥ ታች ሰፈር ነበር። ድንኳኑና ወንበሩ ማን ቤት መቅደም እንዳለበት ሲነሳ ግን የሚሰማው የመረጡትን፣ በቁጥር የሚበልጡትን የላይ ሰፈር ሰዎች ነበር። እናቴ «ከእኛ ጋር ይኖራል እንጂ እኛ አልላክነውም» ስትል ትዝ ይለኛል።

በጆርጂያም ይኸው ሆነ። በፈረንጆቹ 2018 ለ3ኛው ወረዳ ወንበር በተደረገው ምርጫ በወረዳው ያሉት ፉልተን፣ ደካልብና ክሌይተን ካውንቲዎች ድምፃቸውን ለሊንዲ ሚለር ሰጡ። ወንበሩን የያዘው ግን በቀሪው ግዛት ድምፅ ያሸነፈው ቸክ ኢተን ነው። በ2020 አራት ጥቁር የፉልተን መራጮች ክስ መሠረቱ። ነሐሴ 5 ቀን 2022 ዳኛ ስቲቨን ግሪምበርግ አመራረጡ የጥቁሮችን ድምፅ ያዳክማል ብለው ፈረዱ፤ የዚያ ዓመት የኮሚሽን ምርጫም ታገደ። በኅዳር 2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፤ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ።

የግዛቱ ክርክር ከንቱ አይደለም። ኮሚሽነር የሚወስነው ለመላው ግዛት ስለሆነ ለአንድ አካባቢ ብቻ ሊያደላ አይገባም ይላሉ። እኔም ሽቦ ወረዳ እንደማይለይ አውቃለሁ፤ በርክ ካውንቲ ያለው የቮግትል ኑክሌር ጣቢያ የሚያበራው አትላንታንም ጭምር ነው። ግን እንዲያ ከሆነ የነዋሪነቱ ሕግ ለምን አስፈለገ? ጎረቤት ሚሲሲፒ ሦስት ወረዳ አላት፤ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ኮሚሽነር ይመርጣል። ሉዊዚያናም በየወረዳው ትመርጣለች፤ ፖለቲከኛው ሂዩይ ሎንግ በ1918 ወደ ሥልጣን መሰላል የወጣው በሰሜኑ ወረዳ ሰዎች ድምፅ ለኮሚሽኑ ተመርጦ ነው። እነዚያ ግዛቶች መብራት አልጠፋባቸውም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ጸጥ ብላ ሰማችና «ታዲያ የ2ኛውን ወረዳ ተወዳዳሪ፣ የሳቫናዋን ሴትዮ፣ ልምረጥ ወይስ ልዝለላት?» አለችኝ። ማንን እንደምትመርጥ አልነገርኳትም፤ አትዝለዪ ግን አልኳት። በደንቡ መሠረት የሳቫና ሰዎችም የእኛን ወንበር እየመረጡልን ነው።

ማታ ውጤቱ ሲነገር አሊሺያ ጆንሰን የ2ኛውን፣ ፒተር ሀባርድ የ3ኛውን ወንበር በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። እኛ የመረጥነውን ቀሪው ግዛትም መረጠ፤ በፈረንጆቹ 2018 ያየነው ልዩነት በዚያ ቀን አልታየም። ይህ ደንቡን ትክክል አያደርገውም። የጆንሰን ዘመን አምስት ዓመት ነው። የሀባርድ ግን አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ የ3ኛው ወረዳ ወንበር በ2026 ተመልሶ ለ159ኙ ካውንቲ ይቀርባል። ልጅቷ የናሙና ወረቀቱን አልጣለችውም፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።