የውሰት ራም

የሐረርን ግንብ፣ ጀጎልን፣ በሰሜን በኩል የሚከፍተው በር አንድ ነው፤ ስሙ ግን እንደ ጠሪው ነው። ሐረሪው አሱም በሪ ይለዋል፣ ኦሮሞው ከራ ፈላና፣ አማርኛ ተናጋሪው ፈላና በር። ማንም በየትኛው ስም ቢጠራው ሌላው ስለ የትኛው በር እንደሚወራ ስለሚያውቅ መንገድ የሚስት የለም። በዚያው በር ወጥቶ ለልጁ ታብሌት ሊገዛ የሚሄድ አባት ግን ሌላ ዓይነት የስም ብዛት ይጠብቀዋል። ሳምሰንግ «ራም ፕላስ» ይላል፣ ቴክኖ «ሜምፊውዥን»፣ ቪቮ «ኤክስቴንድድ ራም»። ነገሩ አንድ መሆኑን የሚነግረው የለም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «12 ጊጋ ራም» ተጽፏል፤ ከሥሩ በደቃቁ «4+8»። ሻጩም «ባለ 12 ነው» ብሎ ዋጋውን ይጠራል።

ይህን ባለብዙ ስም ነገር በአማርኛ «የውሰት ራም» ብንለው ገዥው ብዙ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

ራም ታብሌቱ አሁን የሚሠራበትን ነገር ሁሉ የሚይዝበት ፈጣን ቦታ ነው። የተከፈተው መጽሐፍ፣ ቴሌግራሙ፣ የኢንተርኔት ገጹ በዚያ ይቀመጣሉ። ስቶሬጅ ደግሞ ፎቶውና ፋይሉ ተኝቶ የሚቆይበት ነው። በገበያችን «ሚሞሪ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚገባው ካርድ ስለሆነ፣ «ሚሞሪው ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ ራም መልስ አያገኝም። የውሰት ራም ማለት እንግዲህ ታብሌቱ ከስቶሬጁ ላይ ጥቂት ጊጋ ቆርጦ እንደ ራም የሚገለገልበት አሠራር ነው። «4+8» ከተባለ፣ ከማሽኑ ጋር የተሠራው ራም 4 ብቻ ነው፤ 8ቱ ከስቶሬጁ የመጣ ነው።

«ተጨማሪ ራም» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ የተጨመረ ዕቃ የለምና። በኮምፒውተር ትምህርት የሚነገረው «ምናባዊ» የሚለው ቃልም አይመቸኝም፤ የተወሰደው የስቶሬጅ ቦታ እውነተኛ ነው፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ይሆን የነበረ። «ብድር» የሚለውም አልሆነም። ጤፍ የተበደረ ሰው ያንኑ ጤፍ በልቶ ሌላ ጤፍ ይመልሳል፤ የተዋሰ ግን ራሱን ዕቃውን ነው የሚመልሰው። ታብሌቱ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የውሰት ራሙን ከሴቲንግ ሲያጠፉት የተወሰደው ቦታ እንዳለ ለስቶሬጁ ይመለሳል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አትላስ የተባለ ኮምፒውተር በ1962 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ዘዴ ይጠቀም ነበር። የስልክና የታብሌት አምራቾች ግን ስም አውጥተውለት ካርቶን ላይ መደመር የጀመሩት ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይህ መደመር ነው፤ ራሙና ስቶሬጁ በፍጥነት አይተካከሉምና። በርካሽ ታብሌቶች ውስጥ የሚገባው ኢ-ኤምኤምሲ 5.1 የተባለው የስቶሬጅ ዓይነት በሰከንድ ቢበዛ 400 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ በእነዚሁ ታብሌቶች የሚገኘው ኤልፒዲዲአር4ኤክስ ራም ደግሞ እስከ 17 ጊጋባይት ገደማ። ልዩነቱ ከ40 እጥፍ በላይ ነው፣ ያውም ስቶሬጁ ሌላ ሥራ ካልያዘ። ከዚህም ሌላ ስቶሬጅ በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል፤ ራም እንዲህ ያለ ችግር የለበትም።

ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ተማሪው የፊዚክስ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ከፍቶ ሳለ መምህሩ በቴሌግራም የላከውን ጥያቄ ሊያይ ይወጣል፤ ሲመለስ መጽሐፉ ተዘግቶ እንደ አዲስ ይከፈታል። ራሙ ስለሞላ አንድሮይድ ከኋላ የነበረውን ዘግቶታል ማለት ነው። የውሰት ራም እዚህ ጋ ይረዳል፤ ለጊዜው ያልተፈለገውን ወደ ስቶሬጁ አዛውሮ ያቆይለታል። እጁ ላይ ያለውን ሥራ ግን አያፈጥንለትም።

ስለዚህ ሁለት ታብሌት ሲወዳደር መቆጠር ያለበት የራሱ ራም ነው። ሬድሚ ፓድ ኤስኢ ባለ 4፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ሆኖ ተሠርቷል፤ ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ ባለ 4 እና ባለ 8። ሁለቱም ባለ 11 ኢንች ናቸው፤ በአንድ ስም የተለያየ ማሽን እንደሚሸጥ ሳያውቁ ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። የራሱ 6 ያለውን እና በውሰት 12 የተባለውን ባለ 4 ቢያቀርቡልኝ፣ ያለ ማመንታት ባለ 6ቱን እወስዳለሁ።

ሥራው አንድ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ መንግሥት ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ ታብሌት ገዝቶ ነበር፤ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ እንጂ። አንድ ቅጽ ሲሞላ ለሚውል ቆጣሪ ከራም ይልቅ ባትሪ ይበልጥበታል። ተማሪ ግን መጽሐፍ፣ ቪዲዮና ቴሌግራም ሲያፈራርቅ ነው የሚውለው፤ ለእሱ ባለ 4 ቶሎ ይጠብበታል።

ሱቅ ውስጥ «ስንቱ የራሱ ነው፣ ስንቱ የውሰት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚያ ታብሌቱን አስበርቶ ሴቲንግ ውስጥ ስለ መሣሪያው የሚናገረውን ገጽ ማየት ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች በመደመር ምልክት ተለያይተው ይታያሉ። ሳምሰንግ ላይ ራም ፕላስ የመሣሪያ እንክብካቤ በሚለው ሥር፣ ሚሞሪ በሚለው ውስጥ ነው። ስሙ የማይታወቅ ታብሌት ከሆነ ግን ሴቲንጉ ራሱ የሐሰት ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሲፒዩ-ዚ የተባለውን መተግበሪያ ጭኖ ማነጻጸር ይሻላል፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ባለ 4ቱን ከመግዛት ሌላ አቅም ያልፈቀደለት ሰው ደግሞ የውሰት ራሙን ይክፈተው፤ ስቶሬጁ ሊሞላ ሲቃረብ ግን ይዝጋውና ቦታውን ለመጽሐፉ ይመልስለት።