የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን በብሔርተኛ ጸሐፊዎች ትርጓሜ

የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽን በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1936) ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የወለጋና የአጎራባች አካባቢዎች የኦሮሞ ባላባቶች ያቋቋሙት፣ ዕድሜው አጭር የነበረ ኅብረት ነው። ኅብረቱም ሆነ በዚያው ሰሞን በነቀምቴ አቅራቢያ የተፈጸመው የጥቁር አንበሳ ጥቃት በኋላ ዘመን ጸሐፊዎች እጅግ በተለያየ መንገድ ተተርጉመዋል። የልዩነቱ መነሻ «ቅኝ ገዥው ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ገደማ በራስ ጎበና ዳጬ አማካይነት ያለ ጦርነት ለንጉሥ ምኒልክ ገብሯል። በዚህም ምክንያት ቤተሰቡ ግብር እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን እንደያዘ ቆየ። ልጁ ኩምሳ ሞረዳ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። የኩምሳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ጣሊያን ሲወር የነቀምቴ ገዥ ነበር።

የ1928 ዓ.ም. ክንውኖች

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ጦር ስትያዝ የመንግሥቱ ቅሪት ወደ ጎሬ አፈገፈገ። በምዕራቡ አገር ሥርዓት ሲላላ በሀብተ ማርያም መሪነት ሠላሳ ሦስት ባላባቶች በአንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ። ራሳቸውን ችለው መተዳደር እስኪችሉ ድረስ በመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ሥር የብሪታንያ ሞግዚትነት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ጥያቄው በጎሬ በነበረው የብሪታንያ ቆንስል በካፒቴን ኧርስኪን በኩል ተላለፈ፤ ብሪታንያ ግን አልተቀበለችውም።

በዚያው ጊዜ ወለጋ ውስጥ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ይንቀሳቀስ ነበር። አባላቱ በአብዛኛው ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። የማኅበሩ ደንብ የፖለቲካ አመራር ከጦር አመራር በላይ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገበሬንና ምርኮኛን ማንገላታትንም ይከለክላል።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮንና ታዋቂውን አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊን የያዙ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ አረፉ። የጥቁር አንበሳ ሰዎች በሌሊት ጥቃት ሰንዝረው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ከሚሲዮናዊው አባ ማሪዮ ቦሬሎ በቀር ተጓዦቹ ተገደሉ። ጣሊያን በአጸፋው ነቀምቴን ከአየር ደበደበ። ሀብተ ማርያም በኋላ ለጣሊያን ገባ፤ ከጥቁር አንበሳ ጋር ይዋጋ የነበረው ራስ እምሩም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጁን ሰጠ።

የተለያዩ ትርጓሜዎች

የፋሺስት ጣሊያን ጸሐፊዎች ቦናያን እንደ ክህደትና እልቂት ጻፉት፤ ሟቾቹንም የሥልጣኔ ሰማዕታት አደረጓቸው። የሎካቴሊ ስም ዛሬም በሰሜን ጣሊያን ተራሮች በሚገኝ የታወቀ የተራራ ማረፊያ ላይ ይገኛል።

ከነጻነት በኋላ በስፋት የተለመደው የአርበኞች ታሪክ ቦናያን ከአንዲት ኢትዮጵያ ተጋድሎ ጀብዱዎች አንዱ አድርጎ ይተርካል። በዚህ አጻጻፍ ኮንፌዴሬሽኑ ወይ ይዘለላል፣ ወይ አገር በጭንቅ ላይ ሳለች እንደተፈጸመ ከፋፋይነት ይታያል። ባላባቶቹ የባዕድ ሞግዚት መጠየቃቸው ለዚህ ክስ እንደ ማስረጃ ይቀርባል።

የኦሮሞ ብሔርተኛ ጸሐፊዎች ታሪኩን ከሌላ አቅጣጫ ያነቡታል። እንደ አሰፋ ጃለታ ያሉ ምሁራን የምኒልክን መስፋፋት ራሱን ቅኝ ግዛት ይሉታል። በዚህ ዕይታ የ1928ቱ ሰነድ የቅኝ ተገዥ ሕዝብ የነጻነት ጥያቄ ይሆናል። ሕዝቅኤል ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጥናት ኮንፌዴሬሽኑ በኦሮሞ ብሔርተኝነት ታሪክ ውስጥ ያለውን ትርጉም መርምሯል። ስሙም የትርጓሜው አካል ነው፤ በጊዜው የውጭ ሰነዶች ኅብረቱ የሚጠራው ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠር ስያሜ ነበር።

መረራ ጉዲና የኢትዮጵያን የታሪክ ክርክር የአገር ግንባታ፣ የብሔር ጭቆና እና የቅኝ ግዛት ዕይታ በማለት በሦስት ይከፍለዋል። የነቀምቴው ጉዳይ በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ርቀት በግልጽ ያሳያል።

ለትርጓሜዎቹ የሚያስቸግሩ ነጥቦች

ባላባቶቹ ሞግዚትነት የጠየቁት ከብሪታንያ እንጂ ከወራሪው አልነበረም። ስለዚህ ሰነዱን በባንዳነት ብቻ መግለጽ ያስቸግራል። በሌላ በኩል ፈራሚዎቹ ሕዝብ የመረጣቸው ሳይሆኑ ገዥዎች ነበሩ፤ መሪያቸው ሀብተ ማርያምም አያቱ ከምኒልክ ጋር ባደረገው ስምምነት የቆየ ሥልጣን ወራሽ ነበር። ሰነዱ የገባሩን ገበሬ ፍላጎት ምን ያህል እንደሚወክል ከፊርማዎቹ ብቻ አይታወቅም።

ጥቁር አንበሳም ከአንድ ብሔር ብቻ የተውጣጣ አልነበረም። የወለጋ ተወላጁ ይልማ ዴሬሳ፣ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው፣ ከአባላቱ አንዱ ነበር። በአንድ አውራጃ፣ በአንድ ክረምት፣ አንዱ የወለጋ ኦሮሞ በሞግዚትነት ሰነድ ላይ ሲፈርም ሌላው በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይዋጋ ነበር። ሁለቱንም በአንድ «የወለጋ አቋም» ሥር ማጠቃለል አይቻልም።

ተመሳሳይ ክርክር በሌሎች አገሮችም አለ። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1857 የተነሣውን አመፅ እንግሊዞች የወታደሮች ዐድማ ሲሉት፣ ሳቫርካር እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው መጽሐፍ የነጻነት ጦርነት ብሎታል።

ምንጮችና ትውስታ

በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የተገኙት ደብዳቤዎች በአብዛኛው በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታኣ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሟቸው ሰነዶች ከ1928ቱ በፊት የነበረውን የማዕከልና የነቀምቴ ግንኙነት ያሳያሉ። ግንኙነቱ መገበርም መደራደርም ነበረበት። ስለ 1928ቱ የሚጻፉ ሥራዎችን የሚያነብ ተማሪ ጸሐፊው ከሰነዱና ከቦናያ የትኛውን እንደተረከ፣ የትኛውን እንደተወ በማየት የትርጓሜውን መነሻ መለየት ይችላል።