የካርቱም ረጃጅሞችና የሰከንዶች ሕግ

ማኑት ቦል ከቅርጫት ኳስ ጋር የተዋወቀው በዋው ከተማ ነበር፤ ተጫዋች ሆኖ የታወቀው ግን በካርቱም ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር የነበረው ይህ የዲንካ ወጣት በመዲናይቱ መጀመሪያ ለካቶሊክ ክለብ፣ ከዚያም ለሱዳን ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ዶን ፊሊ በ1982 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሱዳንን ቡድን ሊያሠለጥን ሲመጣ አየው፤ በማግስቱ ዓመትም ወጣቱ ወደ አሜሪካ አቀና። በ1984/85 የውድድር ዘመን ለብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ።

ማኑት ውቅያኖሱን ሲሻገር የጨዋታ ሕግም ተሻግሯል። ሱዳን የምትመራበት ዓለም አቀፍ ሕግ ከ1956 ጀምሮ ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ እንዲወረውር ያስገድድ ነበር። የአሜሪካ ኮሌጆች ግን ሁሉንም የሚገዛ እንዲህ ያለ ገደብ አልነበራቸውም። የ45 ሰከንድ ገደብ የወጣላቸው በ1985/86 ሲሆን፣ ማኑት በዚያው ዓመት ኮሌጁን ትቶ ለዋሽንግተን ቡሌትስ መጫወት ጀመረ። የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የሙያተኞች ሊግ፣ ገደብ ደግሞ 24 ሰከንድ ነው። ማኑት በዚያ የመጀመሪያ ዓመቱ 397 ኳሶችን በአየር ላይ አገደ።

ልጁ ቦል ቦል በኅዳር 1999 ካርቱም ተወለደ፤ ያደገው ግን አሜሪካ ነው። እሱም የአባቱ ዓይነት ሽግግር ገጠመው። በካንሳስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት ገደብ አልነበረም፤ በ2016 ወደ ካሊፎርኒያው ማተር ዴይ ሲዛወር ግን የ35 ሰከንድ ሰዓት ጠበቀው። በአንድ አገር፣ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ጨዋታ ሁለት ሕግ ማለት ነው።

ሾት ክሎክ፣ ማለትም አጥቂው ቡድን በተወሰነ ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሰዓት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር እንዲህ ለአሥርት ዓመታት ሳይቋጭ ቆይቷል። የኔ አቋም ይገባል የሚል ነው። ነገር ግን ሰከንዱ ለተማሪ የሚመጥን፣ አፈጻጸሙም በአቅማችን ልክ ሊሆን ይገባል። ወደዚህ መደምደሚያ ያደረሰኝ የሕጉ ታሪክ ራሱ ነው።

ኳሷን ደብቆ ማሸነፍ

ኅዳር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ከሚኒያፖሊስ ሌከርስ ጋር ተጋጠመ። ሌከርሶች 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ጆርጅ ማይከን ነበራቸው፤ በሜዳቸው እነሱን ማሸነፍ እጅግ ከባድ ነበር። እንግዶቹ ብልሃት ፈለጉ፤ ኳሷን ይዘው ቆሙ። ሕጉ ወርውሩ አይልም፤ ተመልካቹ እየጮኸ ደቂቃው አለፈ። ጨዋታው 19 ለ18 በፎርት ዌይን አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ከሌከርስ 18 ነጥቦች 15ቱን ያስቆጠረው ማይከን ብቻ ነበር። በኤንቢኤ ታሪክ ከዚህ ያነሰ ነጥብ የተቆጠረበት ጨዋታ የለም።

በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ፍጻሜም ሶቪየቶች ረጃጅሞቹን አሜሪካውያን ለመቋቋም ኳሷን እያቀዘቀዙ ተጫወቱ፤ 36 ለ25 ተሸነፉ። ኳስ የያዘው ቡድን ካልወረወረ ተከላካዩ ኳሷን የሚያገኝበት ዋና መንገድ ጥፋት መሥራት ብቻ ይሆናል። በመጋቢት 1953 ቦስተን ሴልቲክስ ከሲራኪዩስ ናሽናልስ ጋር አራት ጭማሪ ሰዓት በተጫወቱበት ግጥሚያ ቦብ ኩዚ 50 ነጥብ ሲያስቆጥር 30ው ከቅጣት ምት ነበር። ተመልካቹ ጨዋታ ሊያይ ከፍሎ ገብቶ የዳኛ ፉጨት ሲሰማ ያመሽ ነበር ማለት ይቻላል።

መፍትሔው የመጣው ከዚያው ከሲራኪዩስ ነው። የቡድኑ ባለቤት ዳኒ ቢያሶን ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት የነበረው ሰው ነው። ከሥራ ባልደረባው ከሊዮ ፌሪስ ጋር ሆኖ ያቀረበው ስሌት ቀላል ነው። አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2880 ሰከንድ ነው። በጥሩ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን ወደ 60 ጊዜ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ 120 ጊዜ ይወረውራሉ። 2880 ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ሕጉ በ1954/55 ሥራ ላይ ሲውል የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ከፍ አለ። የዚያን ዓመት ዋንጫ ያነሣውም የሲራኪዩስ ቡድን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ። ሰዓቱ ነሐሴ 1954 ለመጀመሪያ ጊዜ በተጫዋቾች የተሞከረው በሲራኪዩስ በሚገኝ አንድ የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሾት ክሎክ የተወለደው በትምህርት ቤት ሜዳ ነው፤ በአሜሪካ መጨረሻ ላይ የደረሰውም ለትምህርት ቤት ተማሪዎች ነው።

ተማሪው ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

ሌሎቹ በየተራ ገቡ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በ1956 30 ሰከንድን ተቀበለ፤ በ2000 ወደ 24 እስኪያወርደው ድረስ 44 ዓመት ቆየበት። የአሜሪካ ሴቶች ኮሌጆች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በ30 ሰከንድ ሲጫወቱ ወንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ዘገዩ። የወንዶቹን እጅ ከጠመዘዙት ጨዋታዎች አንዱ የ1982ቱ የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ፍጻሜ ነው፤ በማይክል ጆርዳን ሰሜን ካሮላይናና በራልፍ ሳምሰን ቨርጂኒያ መካከል ተደርጎ 47 ለ45 አለቀ። አገሪቱ የምትሳሳላቸው ወጣቶች ሜዳ ላይ ቆመው ኳሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ በኋላ ኮሌጆቹ 45 ሰከንድ፣ በ1993/94 35፣ በ2015/16 ደግሞ 30 አደረጉ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ብሔራዊው ፌዴሬሽን ለረጅም ጊዜ እንቢ አለ። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስን የመሰሉ ጥቂት ግዛቶች በራሳቸው ውሳኔ ሲጠቀሙበት ቆዩ። ብሔራዊው አካል ግዛቶች ከፈለጉ የ35 ሰከንድ ገደብ እንዲያወጡ የፈቀደው በግንቦት 2021 ነው፤ ፈቃዱም ከ2022/23 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። አሁንም ግዴታ አይደለም።

የተቃዋሚዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ወጪ ነው፤ ከሁለቱም ቅርጫት በላይ የሚሰቀል ሰዓትና መቆጣጠሪያው ለድሃ ትምህርት ቤት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው የሰው ኃይል ነው፤ ሰዓቱን መቼ ማስጀመር፣ መቼ ማቆም፣ መቼ እንደ አዲስ መመለስ እንዳለበት የሚያውቅ የሠለጠነ ሰው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ደካማ ቡድን ከጠንካራው ጋር የሚፎካከረው ጨዋታውን አቀዝቅዞ ነው፤ ይህን መሣሪያ ከነጠቃችሁት ልጆቹ በ50 ነጥብ ልዩነት ተሸንፈው ይወጣሉ ይላሉ።

የደካማው መሣሪያ

ሦስተኛውን መከራከሪያ አቅልዬ አላየውም። ለእኛ የሚቀርበንም እሱ ነው። ባለ አጫጭር ተጫዋች ቡድን ረጃጅሞች ከያዘ ቡድን ጋር ሲገጥም ኳሷን ይዞ መቆየት ብልሃት ነው፤ ፎርት ዌይንም ያሸነፈው በዚሁ ነው። ነገር ግን ያ ድል ለተጫዋቾቹ ምን አስተማራቸው? ኳስ ይዞ የቆመ ልጅ ቅብብል አይማርም፤ ክፍት ቦታ መፈለግን፣ በድካም ውስጥ መወሰንን አይማርም። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሉት ጓደኞቹ ደግሞ ጨርሶ ላይገቡ ይችላሉ፤ ፍጥነት የሌለው ጨዋታ አምስት ሰው ይበቃዋልና።

ደካማው ሌላ መሣሪያ እንዳለው ያሳየን ከካርቱም ጋር በደም የተሳሰረ ቡድን ነው። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያገኘችው በ2011 ነው። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኗን የመራው ሉኦል ዴንግ ዋው ተወልዶ፣ ከጦርነቱ ሸሽቶ ግብፅ የገባ፣ እዚያም ከማኑት ቦል ጨዋታ የተማረ ሰው ነው። ከቡድኑ ዋነኛ ተጫዋቾች አንዱ ዌንየን ጋብሪየል በ1997 ካርቱም ተወለደ፤ ቤተሰቡ በካይሮ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ብዙዎቹ ጓደኞቹም የስደት ልጆች ናቸው። ይህ ቡድን በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ቡድኖች የተሻለ ውጤት አምጥቶ ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈ።

ሐምሌ 20 ቀን 2024 ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። ከወዲያ ሌብሮን ጄምስና ጓደኞቹ፣ ከወዲህ አብዛኛው ዓለም ስሙን የማያውቀው ቡድን። በእረፍት ሰዓት ደቡብ ሱዳን 58 ለ42 ትመራ ነበር። አሜሪካውያን የዳኑት 8 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ሌብሮን ባስቆጠራት ኳስ፣ 101 ለ100 ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ደቡብ ሱዳን በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረትታ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ድሏን አገኘች። ይህ ሁሉ የሆነው በ24 ሰከንድ ሕግ ሥር ነው። ትንሹ ቡድን ትልቁን ያስጨነቀው ኳሷን ደብቆ ሳይሆን ሮጦ፣ ተቀባብሎ፣ ደፍሮ በመወርወር ነው። አንድ ልጅ ይህን ድፍረት በሃያ ዓመቱ ድንገት አያገኘውም፤ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቱ በትምህርት ቤት ሜዳ ሊለምደው ይገባል።

ሕጉ ከወረቀት፣ ጨዋታው ከሲሚንቶ

ወደ ቀጣናችን ስንመለስ የአሜሪካው ጥያቄ ይገለበጣል። እዚያ ሰዓቱ ሲገኝ ሕጉ ጠፋ፤ እኛ ዘንድ ሕጉ እያለ ሰዓቱ ጠፋ። ሱዳንም ኢትዮጵያም በፊባ ሥር ናቸውና 24 ሰከንድ በመጽሐፉ ላይ አለ። ነገር ግን የአብዛኛው ትምህርት ቤታችን ሜዳ ከቤት ውጭ ያለ ሲሚንቶ ነው፤ ቅርጫቱ ያለ መረብ፣ ጠረጴዛው ያለ መብራት። ሊፈጸም የማይችል ሕግ ደግሞ ዳኛውን ያስቸግረዋል፤ አንዱ ይተወዋል፣ ሌላው በግምት ይቆጥራል፣ የተቀጣው ቡድንም ተበደልኩ ይላል።

ካርቱም በዚህ ጨዋታ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ሱዳን በ1962 ካይሮ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሁለተኛ፣ በ1975 ደግሞ ሦስተኛ ወጥታለች። ዛሬ ግን ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የጀመረው ጦርነት ከተማዋን አፈራርሷል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን በሱዳን ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ አስታውቀው ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሰከንድ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላምንም። ትምህርት ቤት ሲከፈት አብሮ የሚከፈተው ሜዳ ነው። ካምፓላም ይሁን ካይሮ፣ ጁባም ይሁን አዲስ አበባ የተጠለሉ ልጆች ከማያውቁት ልጅ ጋር ቋንቋ ሳይጠይቁ የሚገናኙት በጨዋታ ነው። ያ ጨዋታ ፍትሐዊና ለሁሉም የሚደርስ እንዲሆን ማሰብ ለእነሱ ከማሰብ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት መሰላል ነው። ፊባ በ30 ሰከንድ 44 ዓመት ቆይቷል፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ከ45 ወደ 30 ለመድረስ 30 ዓመት ወስዶባቸዋል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ 24 ላይ የሚዘልበት ምክንያት የለም። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ውድድሮች 35 ሰከንድ፣ ለ11ኛና ለ12ኛ 30፣ ለክልልና ለአገር አቀፍ ፍጻሜዎች ብቻ 24 ቢሆን ልጁ ደረጃ በደረጃ ያድጋል።

መሣሪያውንም መጠበቅ አያስፈልግም። ዳኞቻችን አሁንም ያለ ምንም መሣሪያ ሰከንድ ይቆጥራሉ። በቅርጫቱ ሥር 3 ሰከንድ፣ ኳስ ከውጭ ለማስገባት 5፣ የሜዳውን አጋማሽ ለመሻገር 8 ሰከንድ በእጃቸውና በአንደበታቸው ነው የሚለኩት። ለሠላሳው ሰከንድ በጠረጴዛ ዳኛው እጅ ያለ አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃል፤ 10 ሰከንድ ሲቀር «አሥር» ብሎ በታላቅ ድምፅ ያሳውቃል፤ ሲያልቅ ያፏጫል። ሥራውን የማይሰለፉ ተማሪዎች ይማሩት። ለጨዋታው ፍቅር ያላት፣ ለቡድኑ ያልተመረጠች ተማሪ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዳኝነትን ትጀምራለች። ነገ ኤሌክትሪኩ ሰዓት ሲመጣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ የወጪውም የሰው ኃይሉም ጥያቄ ይቃለላል።

ደግሞም ለልጆቻችን የሚስማማውን ለመወሰን ሌላ አካል እስኪወስንልን መጠበቅ የለብንም። የካቲት 1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ በቦታው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች፤ ውድድሩም በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። አዲስ የተመሠረተ፣ ገንዘብ የሌለው ተቋም በሜዳው ላይ ምን ፍትሐዊ እንደሆነ ራሱ ወሰነ። የትምህርት ቤት ስፖርት ኃላፊዎች፣ የስፖርት መምህራንና ፌዴሬሽኖች ከዚያ እጅግ የቀለለ ውሳኔ ነው የሚጠበቅባቸው። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መክፈቻ በአንድ ከተማ፣ በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር በ30 ሰከንድ ይጀምሩት። ያንን ውድድር ያዩ አሠልጣኞች ቀጣዩን ደረጃ ራሳቸው ይጠይቃሉ።