ከ150 ካሬ ሜትር እስከ አውራ ጣት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጉም ይቀበለዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ ያበጀውን ዋሻ ካለፈ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም መጀመሪያ የሚመጣው ቆሎ ሻጭ ነው። የፖስታ ከረጢትም የተመላለሰው በዚሁ ጎዳና ነው። በየፖስታው ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ አንዳንዴ አንበሳ፣ አንዳንዴ ንጉሥ፣ አንዳንዴም የሠዓሊ ሥራ ተለጥፎ ይሄድ ነበር።

ከደብረ ሲና በስተደቡብ፣ በዚያው የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ አንኮበር አለች። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ በአገሩ ቴምብር የሚባል ነገር አልነበረም። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግሩ ይወጣና ይወርድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ። በአራቱ ላይ የምኒልክ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳው ነበር። የቀረጻቸው ዩጂን ሙሾን ለፈረንሳይ ፖስታም ይሠራ የነበረ ስመ ጥር ባለሙያ ነው። እያንዳንዱን ጥላ በቀጫጭን ጭረት ማውጣት ግድ ነበረበት፤ የንጉሡ ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥምና።

ቴምብሮቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። ባሕር ማዶ ግን አያሻግሩም ነበር። ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በእነዚያው ቴምብሮች ላይ ማተሚያ ዳግመኛ አለፈባቸው፦ መጀመሪያ በላቲን ፊደል የአገሪቱ ስም፣ ቀጥሎ በአማርኛ «ቦስታ»፣ ከዚያም «መልክት»። አያቶች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ቦስታ» ሲሉ የሰማ ሰው ቃሉን እዚያ ቢያገኘው አይገረምም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ነው የራሷ ቴምብር ለብቻው ድንበር መሻገር የቻለው።

በ1911 ዓ.ም. የወጡት ደግሞ በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ የታተሙ ናቸው። ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከነብር፣ ከቀጭኔ፣ ከአውራሪስና ከሰጎን ጋር በአንድ አልበም ገጽ ላይ ተሰለፉ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ የኢትዮጵያ ምስል ከቴምብሩ ተነሥቶ የቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ ፊት ተተካ። የጣርማ በር ዋሻ ሲቆፈር በዚህ አገር ፖስታ ላይ ይለጠፍ የነበረው የእሱ ቴምብር ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ተመለሰ።

የሥዕል ሥራን እንዳለ ቴምብር ላይ ማውጣት በሌላው ዓለምም ቀላል ታሪክ የለውም። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1930 የጎያን ራቁት ሴት ቴምብር ላይ ስታወጣ ትልቅ ጫጫታ ተነሣ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1961 የብራክን፣ የማቲስንና የሴዛንን ሥራዎች ያካተተ ተከታታይ እትም ጀመረች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ኒው ዮርክ በሚገኘው ሕንጻው ያለውን የማርክ ሻጋልን ባለ ቀለም መስታወት እ.ኤ.አ. በ1967 በቴምብር አሳተመ።

ባለ ቀለም መስታወት ሲነሣ አፈወርቅ ተክሌ አብረው ይነሣሉ። ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩና በለንደኑ ስሌድ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1953 ዓ.ም. በአፍሪካ አዳራሽ የተጠናቀቀው መስታወታቸው 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። እኒሁ ሰው ግን ቴምብርም ነድፈዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፖስታ ቤቱ አገሩን የሚጠብቅ ጀግና የሚያሳዩ ሥዕሎቻቸውን በመታሰቢያ ቴምብር አወጣ።

ሥዕል ወደ አውራ ጣት ልክ ሲወርድ ብዙ ነገር ይጠፋበታል። የብሩሹ ዱካ አይታይም፣ የሩቅ ተራራ ጭረት ይሆናል፣ ተቀራራቢ ቀለሞች ተደበላልቀው አንድ ይመስላሉ። የሚተርፈው ደማቅ መስመርና ሰፊ የቀለም መደብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በቴምብር ላይ የሚያምረው ለዚህ ነው፦ ዐይኑ ትልቅ፣ ዙሪያው በጥቁር የተከበበ። ባለ ቀለም መስታወትም እንዲሁ ነው፤ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ጥቁር መስመር ቢያንስም አይጠፋም። የአፈወርቅ እጅ ሁለቱንም ያውቅ ነበር።

አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. አረፉ። ቴምብር ሰብሳቢ ሥራቸውን በወረንጦ አንሥቶ ጥርሱ እንዳልተሸረፈ፣ ሙጫው እንዳልተነካ ያያል። ማኅተም ያላረፈበትን የሚመርጥ አለ፤ በደንብ የሚነበብ ማኅተም ያለበትን የሚያሳድድም አለ። በደብረ ሲና ፖስታ ቤት የተመታ ደብዳቤ ከሆነ፣ የሠራተኛው እጅ የት እንደሚያርፍ መርጦ አይደለም፤ ክቡ ቀለም የከተማዋን ስምና ቀኑን ይዞ ከጀግናው ትከሻ ላይ፣ አንዳንዴም ከፊቱ ላይ ያርፋል።