ከመንገር ወደ ማሳየት፦ ገለጻና ስሜት በአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ

ስለ አማርኛ ልብ ወለድ እድገት በተነሣ ቁጥር፣ ሥዕላዊ ገለጻና የስሜት ጥልቀት ከአውሮፓ ድርሰት የተቀዱ ጥበቦች ናቸው የሚል አስተያየት ይደመጣል። አስተያየቱ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። የረጅም ልብ ወለድ ቅርጽ ከማተሚያ መሣሪያና ከውጭ ትምህርት ጋር መምጣቱ አይካድም። ዳሩ ግን ቅርጹ ከውጭ መጣ ማለት፣ ማየትና ማዘንም አብረው መጡ ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ከ1900 እስከ 1975 ዓ.ም. የታተሙ ጥቂት ሥራዎችን በማንሣት፣ ገለጻ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከተራኪው አንደበት ወደ ገጸ ባሕርያቱ ዓይንና ልብ የተሸጋገረበትን መንገድ መመልከት ነው።

ልብ ወለድ ከመታተሙ በፊት ገለጻ በአገሩ ነበረ። በግዕዝ የመልክእ ድርሰት ቅዱሱ ወይም ቅድስቲቱ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር፣ ክፍል በክፍል፣ በሰላምታ ይወደሳሉ። በሙሾም ዘንድ ሌላ ጥበብ እናገኛለን። ሙሾ አውራጇ «አዘንኩ» ብላ አታበቃም፤ የሟቹን ፈረስ፣ ጠመንጃውን፣ ባዶ የቀረውን መደብ ትጠራለች። ለቀስተኛው ዕቃው ሲጠራ ሰውየውን ያያል፤ ስላየውም ያለቅሳል። እንግዲህ ሁለት ልማዶች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ አካልን ዘርዝሮ የሚያወድስ፣ ሌላው ዕቃን ጠርቶ ስሜትን የሚቀሰቅስ።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም፣ በይበልጥ የሚታይበት የመጀመሪያው ልማድ ነው። በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይህ ሥራ ለዘውጉ መጠሪያውን ያወረሰ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ስትንከራተት፣ ተራኪው ከገጸ ባሕርያቱ በላይ ቆሞ ውበቷን ያደንቃል፣ መከራዋን ያዝንላታል፣ በክፉዎች ላይ ይፈርዳል። ቋንቋው የበለጸገ፣ ገለጻውም የተትረፈረፈ ነው። ሆኖም አንባቢው የሚያየው በአብዛኛው ተራኪው የተደነቀበትን እንጂ ጦቢያ ራሷ ያየችውን አይደለም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ መቁጠር አይገባም፤ ውዳሴን የለመደ ብዕር ወደ ልብ ወለድ ሲገባ የሚጠበቅ ጅማሬ ነው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ገለጻው ሌላ ጌታ አገኘ፤ እርሱም ምክር ነው። በአውሮፓ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከአገሩ ልማድ ጋር የሚጋጭባቸው ሁኔታዎች፣ በተለይም የተዝካር ነገር፣ አንባቢው እንዲታረም ታስበው የቀረቡ ናቸው። ድግሱና ወጪው የሚታየው ሊነቀፍ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ የአማርኛ ልብ ወለድ አንድ ትልቅ ነገር አትርፏል። ከሩቅ ዘመን ወጥቶ በሚታወቅ ዘመንና በሚታወቅ ቤት ውስጥ ቆሟል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለቱን ልማዶች አገናኘ። ደራሲው በጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ በመሆናቸው፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ቤት፣ የተማሪ ቤቱ ሕይወት፣ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ በዝርዝር ይታያሉ። ዝርዝሩ ግን ጌጥ አይደለም። በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ አባቷ ለአጥንቷ የሚመጥን ባል ያጡላት ልጅ ናት። ስለቱ ምን ያህል እንደሚያስር፣ የአጥንት ቆጠራውም ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ ስለታየ፣ የአስተማሪና የተማሪዋ ዝምታ ሳይቀር ይናገራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፍቅሩን ጥልቅ ያደረገው ፍቅሩን የሚያወድሱ ቃላት መብዛት ሳይሆን፣ የሚከለክለው ግንብ ድንጋይ በድንጋይ መገለጹ መሆኑ ነው። ጉዱ ካሣም የማኅበራዊውን ሥርዓት ክብደት በአንደበቱ የሚገልጠው በዚሁ ግንብ ውስጥ ሆኖ ነው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ከፊደል ጋር ያልተዋወቀ አድማጭ ጭምር ተከታትሎታል። በዓይን ሊነበብ የተጻፈው ገለጻ በጆሮም መሥራቱ፣ ሥሩ በቃል ትውፊት ውስጥ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተከፈለ። ብርሃኑ ዘሪሁን ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሮ ስሜትን በፍጥነት ማስተላለፍን መረጠ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. በወጣው «አደፍርስ» ተራኪውን ወደ ኋላ ስቦ ገጸ ባሕርያቱን በምልልስ አቆማቸው። የአርማንያ ባላገርና የተማረው ወጣት አለመግባባት በተራኪ ፍርድ አይገለጽም፤ የሚሰማው ሁለቱ ሲነጋገሩ ነው። ብዙ አንባቢ ሥራው ከበደኝ ማለቱ አይደንቅም። እስከዚያ ድረስ የማዘኑንና የመፍረዱን ሥራ ተራኪው ይሠራለት የነበረ አንባቢ፣ አሁን ራሱ እንዲያዝንና እንዲፈርድ ተጠይቋልና።

በዓሉ ግርማ ደግሞ የጋዜጠኛን ዓይን አመጣ። በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ከአድማስ ባሻገር» የአበራ ወርቁ ውስጣዊ መዋለል ከአዲስ አበባ ኑሮ ጋር ተሸምኖ ቀርቧል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ግን ገለጻ የሚያስከፍለውን ዋጋ ያሳየ ሥራ ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ለመዘገብ አሥመራ የሄደው ጸጋዬ ኃይለማርያም ከፊያሜታ ጊላይ ጋር የገባበት ፍቅርና የጦርነቱ ውሎ ጎን ለጎን ተገልጸዋል። ገለጻው ስለሠመረ አንባቢ በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የዘመኑን ሰዎች ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ደብዛው ጠፋ። መፈክር የተጻፈበት ገጽ ይህን ያህል አያስፈራም ነበር። ያስፈራው፣ ሰዎቹ ሲፈሩ፣ ሲዋደዱና ሲሞቱ እንደ ሰው መታየታቸው ነው።

ከላይ ከተመለከትነው መረዳት የሚቻለው፣ የገለጻ እድገት የቃላት መብዛት ወይም የቅጽል መደራረብ ታሪክ አለመሆኑን ነው። ጥያቄው በየዘመኑ አንድ ነበር፤ ነገሩን የሚያየው ማን ነው? ያየውስ ለምን ከበደው? በአፈወርቅ ዘንድ ተራኪው አየ፤ በኅሩይ መካሪው አየ፤ ከሐዲስ ወዲህ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ማየት ጀመሩ። ስለዚህ የድርሰት ጥበብ ሲሰጥ፣ ጀማሪ ጸሐፊዎች የስሜትን ስም እንዲያከማቹ ከማበረታታት ይልቅ፣ ሙሾ አውራጇ የምታደርገውን እንዲያስተውሉ ማድረግ ይበጃል። እርሷ ባዶውን መደብ ታሳያለች፤ ልቅሶውን ለለቀስተኛው ትተዋለች።