ውኃ የሚፈታው ሙጫ

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ሲቆይ የአሚር አሕመድ እንግዳ ይሁን እስረኛ በቅጡ አልለየለትም ነበር። ስለ ሕዝባችን የጻፈው አብዛኛው ክፉ ነው፤ ፍርዱን አልቀበልለትም። ስለ መጽሐፍ ጥረዛችን ሲጽፍ ግን ብዕሩ ይለዝባል፤ በጥንካሬም ሆነ በመልክ ከምሥራቅ አገሮች ሐረርን የምትበልጥ ፋርስ ብቻ እንደሆነች መስክሯል። ሊያሞግሰን ያልመጣ ሰው ነውና ይህን ቃሉን አምነዋለሁ።

እኔ ከመኪና ግርግር ወደ ፈረስ መጋላ በሚያወጣው መንገድ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ድምፅ ሳልርቅ፣ መጽሐፍ እጠርዛለሁ። ከመጠረዝ ይልቅ የማላቅቀው ይበልጣል፤ ሌላ ሰው በችኮላ፣ ብዙ ጊዜም በቅን ልብ፣ ያጣበቀውን። ስለዚህ የከተማችንን ጥረዛ ታሪክ የማነበው ከሙጫው ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ መስጊድና የቁርኣን ቤት በየሰፈሩ ነበር። ካቢሩ ያስተምራል፣ ደረሳው ይቀራል፣ ጸሐፊው ይገለብጣል፣ ጠራዡ ይጠርዛል። ወረቀቱ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ሦስት ጨረቃ የሚታይበት የጣሊያን ወረቀት ዛሬም በእጄ ያልፋል። ባሕሩ ይዞት የሚመጣው ወረቀት ብቻም አልነበረም፤ ለንደን ባለው የኻሊሊ ስብስብ ውስጥ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1749 የተጻፈው የሐረር ቁርኣን ፊደሉ የህንዱን የቢሃሪ አጻጻፍ ይመስላል።

የድሮው ሽፋን እንደ ብራና መጻሕፍት እንጨት የለውም። አሮጌ ወረቀት በላይ በላዩ እየተለጠፈ እንደ ካርቶን እስኪጠነክር ይደራረባል፤ በላዩ ቆዳ ይለብሳል፣ በቆዳው ላይ በማኅተም ጌጥ ይታተማል። ይህን ሁሉ የሚይዘው ከእህል ዱቄት የተቀቀለ ሙጫ ነው። ነቀዝና አይጥ ይወዱታል፤ ለዚህም ብዙ መጻሕፍት ከጀርባቸው ተበልተዋል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል።

የቀድሞዎቹም ጠራዦች ይሳሳቱ ነበር። አንድ ሽፋን ስፈታ በውስጠኛው በኩል የተለጠፈው ወረቀት አንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና መለጠፉን አየሁ፤ የመጀመሪያው ጠርዝ መስመር ቆዳው ላይ ቀርቷል። ጠራዡ አጣሞ ለጥፎት፣ ሳይደርቅ ወይም መልሶ አርጥቦ፣ ቀና አድርጎታል። ወረቀቱም አልተቀደደ፣ ቆዳውም አልቆሰለ። ማንነቱን የሚነግረኝ አንድ ፊርማ የለም፤ እጁን ግን በዚያች መስመር አውቀዋለሁ።

ሙያው የሳሳው ቀስ በቀስ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1875 በግብፆች ተያዘች፤ እነሱ ለቀው ከወጡ ጥቂት ቆይቶ፣ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ገቡ። የታተመ ቁርኣን ከካይሮና ከቦምቤይ እየበዛ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የካይሮ እትም ደግሞ በመላው ዓለም ተሰራጨ። ርካሽ የታተመ መጽሐፍ ባለበት የእጅ ጽሑፍ የሚያስገለብጥ ይቀንሳል፤ ገልባጭ ሲቀንስ ጠራዥም ሥራ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1948 ኩሉብ የተባለው የሐረሪዎች ፖለቲካዊ እንቅስቃሴ ሲመታ ብዙ የሐረሪ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። በደርግ ጊዜም ሌላው አገር ጥሎ ወጣ። ያረጀውን መጽሐፍ የሚጠግን እጅ ሲጠፋ የተገኘው ሁሉ ጠጋኝ ሆነ፤ የአናጢ ነጭ ኮላ፣ የጫማ ሰፊ ማስቲሽ፣ ሲብስም ፕላስተር።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን አመጡልኝ። «ልጄ፣ የባለቤቴ አያቶች መጽሐፍ ነው። ገጹ ቢበተንብን አስጠረዝነው፤ አሁን ጨርሶ አልገለጥ አለን» አሉኝ። የዐረብኛ መጽሐፍ ከቀኝ ነው የሚገለጠው። የሐረር ጥራዝ ደግሞ ከኋላ ሽፋኑ የሚቀጥል መከደኛ አለው፤ የገጾቹን ዳር ሸፍኖ ከፊተኛው ሽፋን ሥር ይገባል። ያ ጠራዥ እጁ የለመደው የአማርኛ ደብተርና መዝገብ ነበርና ሽፋኑን ገልብጦ፣ መከደኛውን በመጀመሪያው በኩል አድርጎታል። የባሰው ግን ጀርባውን በነጭ ኮላ መሙላቱ ነው፤ ኮላው በየቅጠሉ መካከል ጣት ያህል ገብቶ ደርቋል።

እንዲህ ያለውን ውኃ ውስጥ መንከር አይቻልም። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸት ነው፣ ቀዩም ይፈስሳል። ስለዚህ በድሮው ሙጫ አዲሱን እፈታዋለሁ፦ ወፍራም የስታርች ሙጫ ቀቅዬ፣ ሲቀዘቅዝ፣ በጀርባው ላይ ብቻ እቀባዋለሁ። ውኃውን በዝግታ ስለሚለቅ እርጥበቱ ወደ ጽሑፉ አይሮጥም። ኮላው መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ እንደ ማስቲካ ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት በለስላሳ አጥንት እየጠቀለልሁ አነሣዋለሁ። ቶሎ ከጀመሩት ወረቀቱን ይዞ ይነሣል፣ ከዘገዩ ተመልሶ ይደርቃል። ጥቂት ቅጠሎች ላይ ኮላው ከጽሑፉ ጋር ተዋሕዷል፤ እነሱን ቢላ ሳላስገባባቸው እንደተጣበቁ ተውኋቸው፣ እናቲቱም ምክንያቱን ስነግራቸው ተስማሙ። ሽፋኑ ግን ወደ ትክክለኛ ጎኑ ተመልሷል፤ አዲሱን ሥራ በሙሉ የሠራሁት በስታርች ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው ቢፈልግ እንዳይቸገር።

ይህን ሥራ በጀጎል ውስጥ ከሞት ያነሡት አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ናቸው። ከደርግ መውደቅ በኋላ በየቤቱ የተረሳውን መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ባለው ሙዚየማቸው ከሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ተቀምጠዋል፣ ጥገናና ጥረዛም ተመልሷል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ብዙ ሰው ያየው ግንቡንና ቤቶቹን ነው፤ በቤቶቹ ውስጥ ያሉት መጻሕፍትም እኩል ሊታዩ ይገባል ባይ ነኝ።

መጽሐፍ ለሚያስጠግን ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የተገነጠለውን አሮጌ ሽፋን፣ ነቀዝ ቢበላውም፣ አትጣሉት። ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይምጣ። የድሮዎቹን የብረት ማኅተሞች እኔ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ መልካቸውን የተማርሁት በእነዚህ ቆዳዎች ላይ ከቀረው አሻራ ነው፤ መከደኛውም በየትኛው በኩል እንደነበረ የሚነግረኝ ያው የታጠፈው ቆዳ ነው።