ደቦ፣ ዘካና የበዓል መዋያ፦ በከሚሴ አካባቢ ሠራተኛን የማመስገን ልማድ

በከሚሴና በዙሪያዋ ሠራተኛን ማመስገን ለአንድ ቀን ብቻ የተመደበ ሥርዓት ሆኖ አያውቅም። ምስጋናው የእርሻውን ዓመት እየተከተለ ሲዘራም፣ ሲታረምም፣ ሲወቃም ይሰጥ ነበር። የእስልምና በዓላትም የራሳቸውን ድርሻ ይጨምሩበታል። የላብ አደሩ ቀን፣ የምስክር ወረቀትና የመድረክ ሽልማት ወደ አካባቢው የገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል። ዞኑ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዌ ሐረዋን ያካትታል። አብዛኛው ነዋሪ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሙስሊም ሲሆን አማርኛም በገበያና በጎረቤት ዘንድ የዕለት ቋንቋ ነው። የቦርከና ወንዝ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚያረጥበው የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ግጦሽ ነው። በቆላውና በወይና ደጋው በዋናነት የሚበላው ማሽላ ነው። ማሽላ ደግሞ ሰው የሚበላው ሰብል ብቻ ሳይሆን የሰው ጉልበት የሚበላ ሰብልም ነው፤ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ተዘርቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳ ላይ ስለሚቆይ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይወጣውም።

የጉልበቱ ችግር የሚፈታው በመጀመሪያ በወንፈልና በደቦ ነበር። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ ነገር ግን የምስጋናቸው ጠባይ የተለያየ ነው። ወንፈል ብድር ነው፦ ዛሬ የእኔ እርሻ፣ ነገ የአንተ። ቀኑ በቀን ስለሚመለስ ትልቅ ድግስ አይጠይቅም። ደቦ ግን ጥሪ ነው። ባለ እርሻው ጎረቤትና ዘመድ ይጠራል፤ የመጣውን ሰው በገንዘብ አይከፍለውም፣ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ያስመርቀዋል። በሰሜንና በምዕራብ ባለው ክርስቲያን አገር የደቦ መጠጥ ጠላ ሲሆን እዚህ ቦታውን ቡና፣ ጫትና ቅሪቦ ይዘውታል። ሥራው ሳይጀመር አንድ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል፤ ሲያልቅም ባለቤቱም ሠራተኛውም ይመረቃሉ። የምርቃቱን ክብደት አለመናቅ ይገባል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ዱዓ እንደ ጨዋ አነጋገር ሳይሆን ሊሰጥና ሊቀበሉት እንደሚችሉ ሀብት ይታይ ስለነበር፣ ምግቡ ጥሩ ሆኖ ዱዓው የተጓደለበት ደቦ የተሟላ አይባልም ነበር። ቆጣቢ ደጋሽ ደግሞ ቅጣቱን የሚያገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ሲጠራ የሚመጣው ሰው ይሳሳል።

በቅጥር የሚሠራው ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የዓመት እረኛ ወይም አራሽ ቀለብና ልብስ ያገኛል፤ ዓመቱ ሲያልቅም የተስማሙበትን እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ልብሱ ከባቲ የሰኞ ገበያ ወይም ከሰንበቴ የእሁድ ገበያ የሚገዛ ሊሆን ይችላል። ከውሉ ውጭ የሚሰጡት ጥቃቅን ነገሮች ግን የምስጋናው እውነተኛ መለኪያ ነበሩ። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ከእሸቱ ጠብሶ መብላት፣ ጢንቂሽ ሰብሮ መምጠጥ ይፈቀድለታል። አውድማ ላይ የዋለ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ከብት በየርቢ የሚጠብቅ ሰው ወተቱን እየጠጣ ከሚወለደው ይካፈላል፤ ይህ ስጦታ ሳይሆን ድርሻ ስለሆነ ጠባቂውን ከሎሌነት ወደ ባለ ከብትነት ሊያሻግረው የሚችል ብቸኛው መንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

ሃይማኖቱ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨምሯል። አንደኛው የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ይከፈል የሚለው የነቢዩ ትምህርት ነው፤ መዘግየት ራሱ በደል ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ዘካ ነው። በዝናብ ከበቀለ እህል አንድ አሥረኛ፣ በመስኖ ከለማ አንድ ሃያኛ፣ መጠኑ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ለድሃ ይወጣል። ድሃ የሆነ የቀን ሠራተኛም ከተቀባዮቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ዘካ በደሞዝ ሊቆጠር እንደማይችል ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። አሠሪው ዘካ ሰጥቻለሁ ብሎ ከሠራተኛው ሒሳብ መቀነስ አይችልም። የረመዳን ማብቂያ ዘካተል ፊጥርና የአረፋ ሥጋም እንዲሁ ከውል ውጭ የሚመጡ ናቸው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ በዓላቱ በ33 ዓመት ውስጥ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራሉ። አንዳንድ ጊዜ አረፋ ጎተራ በሞላበት በጥር ይውላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እህል በሚያልቅበት በሐምሌና በነሐሴ ይደርሳል። ለሠራተኛው የኋለኛው ጥቅሙ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ እንደ ስምምነት ዘመን መተረክ ግን ስህተት ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ሰፊ መሬት በባለርስትና በጭሰኛ ሥርዓት ይተዳደር ስለነበር ጭሰኛው ከምርቱ ከመክፈል አልፎ የጌታውን የራሱን እርሻ፣ ማለትም ሁዳዱን፣ በነጻ ያርስ ነበር። ያን ቀን ምግብ ይቀርብለታል፤ ከውጭ ለሚያየው ደቦ ይመስላል። ልዩነቱ አለመምጣት አለመቻሉ ነው። ምስጋና ትርጉም የሚኖረው እምቢ ማለት በሚቻልበት ቦታ ስለሆነ የሁዳድ ድግስ ከደቦ ጋር መመደብ የለበትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። ጭሰኝነት ቀረ። ብዙ ጊዜ የማይወሳው ግን ይኸው አዋጅ ገበሬ በይዞታው ላይ ቅጥር ሠራተኛ እንዳያሠራ መከልከሉ ነው፤ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለታመመና ላረጀ ባለ ይዞታ የመሳሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ተፈቅደዋል። በዚህም ደቦና ወንፈል ከልማድነት አልፈው ሕጋዊው መንገድ ሆኑ። የገበሬ ማኅበራትም የዘማች ቤተሰብን እርሻ በጋራ እንዲያርሱ ይታዘዙ ስለነበር በበጎ ፈቃድ የሚመጣው ጉልበትና በትእዛዝ የሚመጣው እንደገና ተቀላቀሉ። ቅጥሩ የተፈቀደው ደርግ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ ነው።

በዚያው በደርግ ዘመን ሚያዝያ 23 የላብ አደሮች ቀን ሆኖ በሰልፍ መከበር ጀመረ፤ በፋብሪካና በመንግሥት እርሻ የኮከብ ሠራተኛ ምርጫ፣ ኒሻንና የምስክር ወረቀት ተለመደ። ሽልማቱ ለጥቂቱ ነበር። ደቦ የመጣውን ሁሉ ሲያበላ መድረኩ አንዱን ለይቶ ያነሳል፤ ይህ ከአካባቢው ልማድ ጋር የሚራራቅ አስተሳሰብ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላም አሠራሩ ስሙን እየለወጠ ቀጥሏል። በገጠር ሞዴል አርሶ አደር ይሸለማል፤ በመሥሪያ ቤት ምስጉን ሠራተኛ ይመረጣል። በጀት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ የዚህ ዓይነቱ ምስጋና በብዛት የሚሰማው በክረምቱ መግቢያ ነው።

የከተማው የግል አሠሪ፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም፣ ከነባሩ ልማድም ከአዲሱ አሠራርም ወስዷል። በረመዳንና በአረፋ ዋዜማ ለሠራተኛው የበዓል መዋያ ይሰጣል፤ ገንዘብ፣ ዘይት፣ ስኳር ወይም ልብስ ሊሆን ይችላል።  በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት የማግኘት መብት አለው፤ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ የሚከፈል የስንብት ክፍያም በሕጉ ተቀምጧል። ስለ በዓል መዋያ አዋጁ አይናገርም፤ በውል ወይም በኅብረት ስምምነት ካልተጻፈ በቀር በልማድ ይኖራል።

ይኸው አዋጅ በሰው ቤት የሚፈጸምን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ አውጥቶታል፤ በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል። ስለዚህ ለከሚሴ የቤት ሠራተኛ ከወር ደሞዟ ባሻገር የሚመጣው ሁሉ፣ የአረፋ ቀሚሷም፣ ስትታመም የምትታከምበትም፣ ቤተሰቧን ለመጠየቅ ስትሄድ የሚቋጠርላት ስንቅም፣ ዛሬም የሚወሰነው በአሠሪዋ ደግነት፣ በጎረቤት ሐሜትና በሃይማኖት ግዴታ ነው።